የአባ ቆይ አርባ ሰከንድ

ጥቅምት 3

እህት ዓለም፣

ሰላምታሽ ሁለት ገጽ፣ ወሬሽ ግማሽ ገጽ ነው። እኔ ተገላቢጦሹን ላድርግ። ደህና ነኝ፤ ልጄ ደህና ናት፤ ጣሪያው እንደልማዱ ያፈሳል። ሰላምታው አለቀ።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው፣ ስንቴ ልመልስልሽ? በስልክ ሰው ያሰበውን ሳይሆን አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ወረቀት ላይ ቢያንስ ይሰርዛል። አንቺ ደግሞ በስልክ "እሺ፣ እሺ" ስለምትዪ የቱን እንደሰማሽ፣ የቱን እንዳለፍሽ አላውቅም። ተማሪዎቼንም የማስቸግራቸው በዚሁ ነው፤ ያልተጻፈ መልስ አላርምም።

ያ ሐኪም ማረፉን የጻፍሽልኝን አንብቤያለሁ። "አንዲት ቃል እንኳ አትልም ወይ" ማለትሽ ግን ገረመኝ። ምን እንድል ፈለግሽ? ባለቤቴ በእጁ ላይ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የምለውን ያኔ ብያለሁ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" በሚል ርዕስ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ጽፌ፣ ቀላል የማህፀን እጢ ሊያወጣላት ከፍቶ፣ ደሙ መቆሙን ሳያይ ቸኩሎ ሰፍቷት፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ደሟ ወደ ውስጥ ፈስሶ እንዳለቀች አስረድቻለሁ። አልከሰሰኝም፣ አላስተባበለም። እውነት ስለሆነ ነው። አሁን "ሙት ወቃሽ አትሁን" ትዪኛለሽ። እኔ የወቀስኩት በቁሙ ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ጥናት አሸክሞኛል፤ ሰው በሮቦት ስለሚደረግ ኦፕራሲዮን ምን ያስባል የሚል። አሥራ አራት ጥያቄ፣ ስድስት መቶ ሰው። ጥያቄዎቹን ያዘጋጁት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የስታትስቲክስ መምህሩ የተጠራሁት ቁጥር እንድደምር ነው። አምስተኛው ጥያቄ "ዘመናዊና አስተማማኝ በሆነው ማሽን ለመታከም ፈቃደኛ ነዎት?" ይላል። ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ማስታወቂያ? በሌላ ጥያቄ አስቀየርኩት። ስብሰባው ላይ "እሳቸው ደግሞ ነገር ያከብዳሉ" ተባልኩ።

ሰው ልኬ አላምንም፤ መጠይቁን ይዤ የምዞረው ራሴ ነኝ። አንድ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ "መሪ የያዘውን ሰው ዓይን ሳላይ ተሳፍሬ አላውቅም፤ በስተርጅና ሆዴን ዓይን ለሌለው ላስረክብ?" አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "እናቴ በእጅ ነበር የምትሰፋው። ይህቺን የገዛሁ ጊዜ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ከዚያ ስፌቱን አገላብጣ አየችና ዝም አለች። አንተም አገላብጠህ እይና ዝም በል" አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳደረገ "ማሽኑ ይጠጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። አይጠጣም አልኩ። "ከሚስቱ ተጣልቶ ሥራ ገብቶ ያውቃል?" ሚስት የለውም አልኩት። "በቃ እስማማለሁ የሚለው ላይ ምልክት አድርግልኝ። እኔ ከሚስቴ በተጣላሁ ቀን ስንት ጆሮ እንደማደማ አውቃለሁ።"

አሥራ አራተኛው ጥያቄ "ለራስዎ ቢሆን ይፈቅዳሉ?" የሚል ነው። እዚያ ላይ ሲደርሱ የሁሉም ድምፅ ይቀንሳል። ሹፌሩ እንኳ ቀነሰ።

እናንተ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማሽን እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሚሠራና ማን እንዳስተማረው በዝርዝር ጻፊልኝ። ለጥናቱ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ለጋሼ፣

ሰላምታዬን በልክህ ቆረጥኩት። እንደምነህ? ይኸው፣ አንዲት ቃል።

ማሽናችንን "ሙሽሪት" ነው የምንላት። ከሥራ በፊት አራቱን እጆቿን ከላይ እስከ ታች በነጭ ላስቲክ እናለብሳታለን፤ ለዚያ ነው። ማደንዘዣ ሰጪው ሁልጊዜ "የማትበላ፣ የማታኮርፍ፣ እናቷ የማትመጣብኝ፤ እሷን ነበር ማግባት" ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሙ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የበሽተኛውን ሆድ ውስጥ በማሽኗ የማያ መስኮት እያየ፣ በገዛ ጣቶቹ ያንቀሳቅሳት ነበር። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተቀድቷል። ከአሥራ አራት ወር ወዲህ ግን፣ ከዚያ ቅጂ ተምራ፣ መቁረጡንም መስፋቱንም ራሷ ትሠራለች። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ያልጣመው ነገር ካለ ያስቆማታል።

ማን አስተማራት ላልከው ብዕሬን ሦስቴ አስቀምጬ አነሳሁት። አባ ቆይ ነው።

አንተ "ያ ሐኪም" እያልክ ስሙን አትጠራም። እኛ ግን ከድሮም ጀምሮ እንዲህ ነበር የምንለው። ሆድ ከመዝጋቱ በፊት ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ "ቆይ" ይላል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያያል። ደም የሚያዥ ቦታ ካለ ራሱን እስኪያጋልጥ ይጠብቃል። እትዬ እጁ ላይ ከሞተች በኋላ ግን በገዛ እጁ ሰው ከፍቶ አያውቅም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጡረታው እስኪደርስ ሰባት ዓመት ማሽኗን አስተማረ።

አሁን የሚመጣውን ሳትስቅ አንብበው። ሙሽሪት መስፋት ከመጀመሯ በፊት እጆቿን ታነሳና አርባ ሰከንድ ትቆማለች። ያዘዛት የለም። ኢንጂነሩ ሁለት ሳምንት ሲመረምራት ከርሞ "ሲስተር፣ ሰውየው በሺህ አንድ መቶው ቅጂ ሁሉ ላይ ቆሟል። እሷ መቆሙ የስፌቱ አካል መስሏታል። ስህተት ቢሆን በአንድ ቀን እነቅለው ነበር፤ ልማድ ነው፣ ልማድ ሥር አለው" አለኝ።

ሰውየው በሕይወት ሳለ ይህ አላስፈራንም ነበር። እንዲያውም ጡረታ ከወጣ በኋላ ሊጠይቀን ሲመጣ "ልጅህ ዛሬም ቆማ ዋለች" እንለው ነበር። ከተቀበረ ወዲህ ግን እጆቿ ሲነሱ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። የጎማ ጫማው አሁንም ወንበሩ ሥር ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ ዙሪያውን ይወለውላሉ እንጂ አያነሱትም። እኔም አላነሳሁትም።

ወሬው ወደ ውጭ ወጥቷል። በመጠበቂያ አዳራሹ "ሙቱ ሐኪም ሳያይ አይዘጉም" ይባላል። ግማሹ ሰው በዚህ ይጽናናል፤ ግማሹ በሽተኛውን ደግፎ ይዞ ይሄዳል። በቀደም አንዲት እናት እጄን ይዛ "ልጄን የሚቀደው ሰው ነው ወይስ ዕቃው?" አለችኝ። ሁለቱም አልኳት። "እኔ እኮ የሐኪሙን እጅ ባርክልኝ እያልኩ ነበር የምጸልየው። አሁን ምን ብዬ ልጸልይ?" ይህን ከየትኛው ጥያቄህ ሥር እንደምታስገባው አንተ ታውቃለህ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ልጅህ ጽፋልኛለች። "አባባ እንዳትነግሪ ብሏል" ብላ ነው የጀመረችው፤ ስለዚህ እንዳልነገረችኝ ቁጠረው። የተነሳኸው ሲቲ ስካን ምን አለ?

እህትህ


ጥቅምት 28

እህት ዓለም፣

ያቺ ልጅ ሬዲዮ ሆና ነበር መፈጠር የነበረባት።

አዎ። የግራ ኩላሊቴ ላይ እጢ አለ፤ አራት ተኩል ሳንቲ ሜትር። ቀኙ በልጅነቴ ከታመምኩ ወዲህ ዋጋ እንደሌለው አንቺም ታውቂያለሽ። እናታችን "በአንድ ኩላሊት አገር የሚያናድድ፣ ሁለቱ ቢሠሩለት ምን ሊሆን ነበር" የምትለኝ ለዚህ ነበር። እዚህ ያለው ሐኪም በእጅ ከተሠራ ኩላሊቱ አብሮ ይወጣል አለኝ፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ደሜን እያጣራሁ መኖር ነው። እጢውን ብቻ ለይቶ አውጥቶ ቀሪውን ሊያተርፍልኝ የሚችለው የእናንተው ማሽን ነው። ከሁለት ወር በላይ እንዳትቆይ ብሎ የመላኪያ ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደህና ነኝ ያልኩሽ እንዳትንጫጪብኝ ነው እንጂ ለመዋሸት አይደለም። ቢሆንም ውሸት ነው፤ ይቅርታ።

አልመጣም። የገደላት እጅ ብረት ለብሶ የእኔን ሆድ እንዲከፍት አልፈቅድም። እሱ ቢሞት ቢያንስ እጁ አብሮት ይቀበራል ብዬ ነበር። ይኸው አልተቀበረም።

ይልቅ ከጻፍሽልኝ ውስጥ አንድ ነገር እንደ እሾህ ተሰንቅሮብኛል። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ድንገት ይመጣብኝና እቆማለሁ፤ ተማሪዎቹ የረሳሁ መስሏቸው ይተያያሉ። እቤትም የባለቤቴ ኮት አሁንም በሩ ጀርባ ላይ ስለተሰቀለ፣ በገባሁ ቁጥር እሷው መልሳ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። ስለዚህ አራት ጥያቄ አለኝ፤ በቁጥር መልሺልኝ።

አንድ፣ ማሽኗ ራሷ መሥራት ከጀመረች ስንት ሰው ሠራች? ስንቱ ሞተ?

ሁለት፣ ያ አርባ ሰከንድ ጠቅሞ ያውቃል?

ሦስት፣ አልጋ መቼ ይገኛል? ለማወቅ ያህል ነው።

አራት፣ ሰውየው "አባ ቆይ" የተባለው ከባለቤቴ በፊት ከሆነ፣ ያን ቀንስ ቆሟል? ከጎኑ ነበርሽ፤ መሣሪያ የምታቀብዪው አንቺ ነበርሽ። ቆሞ ከሆነ እንዴት አላየም? ካልቆመ ለምን?

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ለጋሼ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሠርታለች። ሁለት ሰው ሞቷል፤ ሁለቱም ከሳምንት በኋላ፣ አንዱ በልቡ፣ አንዷ በሳንባዋ።

አርባ ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ጠቅሟል። ሁለቱ ላይ ደም ያዥ ነበር፤ አንዱ ላይ የተረሳ ጥጥ። አንድ ነገር ግን በትክክል ልንገርህ፣ አንተ ትክክል ስለምትወድ። እሷ አታይም። ትቆማለች እንጂ አታይም። የሚያየው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። እሷ የምትሰጠው ጊዜውን ብቻ ነው።

አልጋ ለታኅሣሥ 12 ተይዞልሃል። ሳልጠይቅህ ነው ያስያዝኩት፤ ሂሳቡን በኋላ እንነጋገራለን። ከዋዜማው ጀምሮ ምንም አትበላም። ሰዓት፣ መነጽር፣ ቀለበት ታወልቃለህ። ቀለበቱ እትዬ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ከጣትህ ወርዶ እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ እምቢ ካለህ ሳሙና አድርግበት።

ሌላ ወሬ። ኢንጂነሩ ልማዱን መንቀያ አግኝቷል። ከታኅሣሥ 10 ጀምሮ ሙሽሪት አትቆምም። አስተዳደሩ ታካሚ እየሸሸ ነው፣ "የሙት እጅ" እየተባለ ስማችን ጠፋ ይላል። ኢንጂነሩም ደስ ያለው አይመስልም። "እናንተ ሰዎች ማሽን ስትሆን ፈራችኋት፤ ሰው ስትመስል ደግሞ ባሰባችሁ" አለኝ።

እኔ ክፍሉ ውስጥ አልኖርም። ዘመድ አይገባም የሚል ደንብ አለ። ስትነቃ ግን አልጋህ አጠገብ ታገኘኛለህ።

እህትህ


ኅዳር 16

እህት ዓለም፣

አራተኛው?

የተማሪ ወረቀት ሳርም ሦስቱን አሳምሮ ሠርቶ አራተኛውን ባዶ የተወው ልጅ ባለማወቁ እንዳልሆነ ይገባኛል። የማያውቅ ሰው የሆነ ነገር ይሞነጫጭራል። ባዶ የሚተው የሚያውቅ ነው።

እስከዚያው የእኔን ውጤት ልንገርሽ። መጠይቁ ተሰበሰበ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ሦስት መቶ ሰባ አንዱ ለራሳቸው አይፈቅዱም። ባልደረቦቼ "ሕዝቡ ቴክኖሎጂ ይፈራል" ብለው መደምደሚያውን ሊጽፉ ብዕር አነሡ። ቆዩ አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ "ማሽኑ ቢሳሳት ኃላፊው ማን ይሁን?" ይላል፤ ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉ፣ አምራቹ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉት። ብዙው ሰው ሳጥኖቹን ትቶ ጠርዙ ላይ ጽፏል። "ማንን ልርገም?" "ብረት ይቅርታ ይጠይቀኛል?" አንዲት ዳቦ ሻጭ መጻፍ ስለማትችል በቃሏ ነገረችኝ። "ባለቤቴ በሐኪም ስህተት ነው የሞተው። ያንን ሐኪም መንገድ ላይ ሳየው ጀርባዬን ሰጥቼ እዞርበታለሁ። ይህ መዞሬ ነው በእግሬ ያቆመኝ፤ ያን ቀን ምሳዬ ይጣፍጠኛል። ዕቃ ቢሆን ኖሮ በማን ላይ እዞር ነበር?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ፎርሙን ይዤ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው ማሽኑን አይፈራም፣ እህቴ። የሚወቅሰው እንዳያጣ ነው የሚፈራው። ይህን ስጽፍ ሦስት መቶ ሰባ ሁለተኛው እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያቆመኝ ያ ሰውዬ ነው። እሱን ስረግም ተነስቼ እለብሳለሁ፣ እሱን ስረግም አስተምራለሁ። ሲሞት የሆነ ነገር የጎደለብኝ ለዚህ ነው። "አንዲት ቃል እንኳ አትልም ወይ" ስትዪኝ የተቆጣሁትም ለዚህ ነው።

አራተኛው ካልተመለሰ አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡት። አልዝትብሽም። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ያው ክፍል ውስጥ ልተኛ አልችልም።

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ጋሼ፣

ሰላምታ አልጽፍም። ይህን አንብበህ ሰላምታዬን ከፈለግከው ያኔ እጽፍልሃለሁ።

ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ ያስኬድኩት።

ዓርብ ነበር፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ። እዚያ ክፍል ውስጥ መገኘት አልነበረብኝም። ያኔ የተጻፈ ደንብ ባይኖርም፣ ነርስ ዘመዷ ሲቀደድ መሣሪያ እንደማታቀብል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ግን "አንቺ ካልገባሽ አልተኛም" አለችኝ። አባ ቆይን ለመንኩት። "እጅሽ ካልተንቀጠቀጠ ግቢ" አለኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያላረፈው አፌ ነው።

እጢው ወጣ። ጥጡን ቆጠርኩ፤ ሙሉ ነው። እሱ ሁለት እጁን አነሳና "ቆይ" አለ። በዚያችው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። የኮሪደሩ በር ላይ ያለው መስታወት ነበር፤ ቀለበትህ ሲመታው የሚሰጠውን ድምፅ ከማንም ድምፅ እለየዋለሁ። ቀደም ብለህም ሁለቴ አንኳኩተህ ነበር። እዚያ ውጭ እንዴት እንደምትንቆራጠጥ ስለማውቅ አንጀቴ አልቻለም። "ዶክተር፣ ይበቃል፣ ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ ወንድሜ በር ላይ ነፍሱ ልትወጣ ነው" አልኩት። ሳቅሁም። እሱም ከጭንብሉ ሥር ሳቀ። "እንግዲያው ሁለተኛ በሽተኛ ሳናፈራ እንዝጋ" አለና እጁን ዘረጋ። መርፌውን እጁ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። አሥር ሰከንድ አልቆመም።

ከዚያ ወጥቼ "አለቀ፣ ሰላም ናት" አልኩህ። አቀፍከኝ።

ጋዜጣው የወጣ ቀን አባ ቆይ የነርሶች ክፍል ውስጥ ቆሞ አነበበው። ከፊቱ ቆሜ "ልናገር" አልኩት። "ምን ብለሽ? መርፌው በማን እጅ ነበር?" አለኝ። "ዶክተር፣ እኔ እኮ ነኝ..." ስለው፣ "አንቺ ተናገርሽ፤ የሰማሁት እኔ ነኝ። ባልሰማ እችል ነበር" አለ። ጋዜጣውን አጣጥፎ "ተረቱ ትክክል ነው" ብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሁለት ነገር አደረገ። ዘመድ አይገባም የሚለውን ደንብ አጻፈ። ሄዶም እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ሠራሁ። "ቆይ" ማለት ትቶ ነበር። እጁን ያነሳል፤ የማሽኗም እጆች አብረው ይነሳሉ፤ ከመስኮቱ ውስጥ እያየ በከንፈሩ ይቆጥራል። አርባ ሲሞላ ወደ እኔ ዞር ይላል። ነገር መፈለጉ አልነበረም። እኔም ቆጥሬ እንደሆነ ለማየት ነው። ቆጥሬ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሳትኩም። ስለ ዓርቡም አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም።

አሁን እሱ የለም። ሙሽሪት እጆቿን ስታነሳ ግን ወንበሩ ባለበት በኩል ሰው ዞሮ እንደሚያየኝ ማጅራቴ ያውቀዋል። ሌሎቹ የሙት መንፈስ ነው ይላሉ። እኔ የምፈራው መንፈስ ቢሆን አይደለም። ልማዱን ሲነቅሉት በምድር ላይ ያን ዓርብ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ እንዳልቀር ነው።

ስለ ማንኳኳትህ የጻፍኩት ጥፋቱን እንድትካፈለኝ አይደለም። አንተ ያልተጻፈ መልስ ስለማታርም ነው።

የምትወቅሰው ሰው ስላጣህ ጎደለብኝ ብለሃል። ይኸው፣ በቁሟ አለችልህ። ብቻ ና። ታኅሣሥ 12 ና፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜ ልክህ ዙርብኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 4

ጋሼ፣

አልመለስክልኝም። ልጅህ "ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ይመታዋል፣ ምንም አይናገርም" ብላ ጻፈችልኝ። እባክህ ለእኔ አትመልስ፤ ለሆስፒታሉ ብቻ መልስ። የፈቃድ ወረቀቱ በእጃችን ካልገባ አልጋው ለሌላ ይሰጣል። የዶክተሩ ሁለት ወር ሊያልቅ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 7

እህት ዓለም፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ሳነበው ውሸት ሆነብኝ፣ ሰረዝኩት። ይቅር አልልሽም ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ለጊዜው የምጽፈው የለኝም።

አንድ እርማት ግን አለኝ። ያንኳኳሁት ሦስቴ አይደለም፤ አራቴ ነው። የመጀመሪያውን አልሰማሽውም፤ እሷ ገና ማደንዘዣ ሳትወስድ ነበር።

ይህን ዘጠኝ ዓመት አውቀው ነበር። ሐኪሙ ለምን ቸኮለ ብዬ ሙሉ ገጽ ስጽፍ፣ ማን አስቸኮለው ብሎ መጠየቅ ግዴታዬ ነበር። አልጠየቅሁም። ተማሪ እንዲህ ያለ ጥናት ቢያመጣልኝ ፊቱ ላይ ነው የምመልስለት። ለጋዜጣው እርማት ላክሁ። "ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እርማት አናወጣም፣ ሰውየውም ሞቷል" አሉኝ። ለዚያ ነው እኮ አልኳቸው። አልገባቸውም። እንደገና እጽፍላቸዋለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ አልሰለችም።

ልጄ በጣቱ ይመታል ያለችሽ እውነት ነው። ቀለበቱ እንጨቱን ሲመታ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው፤ ልቤ ግን በር የሚንኳኳ መስሎት ይደነግጣል። ሁለቴ ተነስቼ በሩን ከፍቻለሁ። ከበሩ ጀርባ ኮቷ ብቻ ነው ያለው።

ለሆስፒታላችሁ ኃላፊ ደብዳቤ ላክሁ፤ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ማሽኗ እንድትቆም ነው። ጥናቱን አባሪ አደረግሁላቸው። መጠይቁን ቀድሞ ወደሞሉ ሃምሳ ሰዎች ተመልሼ አንድ ጥያቄ ጨምሬላቸው ነበር፤ "ማሽኑ ከመዝጋቱ በፊት ቆሞ ሐኪሙ እንዲያይ ጊዜ ቢሰጥስ?" አርባ አንዱ እሺ አሉ። ሹፌሩ "እሱማ መስቀለኛ መንገድ ላይ መቆም ነው፣ የሚቆም ሹፌር አምናለሁ" አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ "እኔስ ከኋላ መስታወት ሳላሳይ ደንበኛ አሰናብቼ አውቃለሁ?" አለ። እናንተ ሕዝቡ ቆመች ብሎ ሸሸ ትላላችሁ፤ ለምን እንደምትቆም የነገራችሁት ሰው ግን የለም። ኃላፊው ጉዳዩ እስኪጠና ልማዱ ባለበት ይቆያል ብለው መልሰዋል። የደብዳቤያቸው ሁለተኛ አንቀጽ ላይ የቁጥር ስህተት ነበረበት፤ አርሜ መልሼላቸዋለሁ።

ሁለተኛው አንቺ ክፍሉ ውስጥ እንድትኖሪ ነው። "ደንቡ የወጣው በሟቹ ሐኪም ጥያቄ ስለሆነ አይነካም" አሉኝ። "ደንቡ የወጣው በእኔ ምክንያት ስለሆነ እኔን ይመለከተኛል፤ እሷ ከሌለች አልፈርምም" ብዬ መለስኩ። ሦስት ቀን አሰቡበት። ለአንድ ቀን ብቻ፣ መሣሪያ ሳትነኪ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግተሽ እንድትቆሚ ፈቅደዋል። ይበቃል። መሣሪያ እንድትነኪ አልፈልግም።

ፈርሜያለሁ። የራሴንም መጠይቅ ሞላሁት፤ ቁጥሩ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ነው። አሥራ አራተኛው ላይ "እፈቅዳለሁ" የሚለውን መረጥኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳጥኖቹን ትቼ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ስመጣ ታነቢዋለሽ።

ቀለበቱ በሳሙናም እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ በክር ጠምጥማ አወጣችልኝ። "አቤት፣ ጣቱ ነጭ ሆኖ ቀርቷል" አለች። በአደራ ፖስታ ልኬልሻለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው ያለው። እኔ እስክነቃ አንቺ ጋ ይቀመጥ።

ማሽኗ እጆቿን አንስታ ስትቆም ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ይይ። አንቺም ቁጠሪ። አርባው እስኪሞላ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። የሚያንኳኳ የለም። ያን ቀን በር ላይ የነበረው ሰው አሁን ውስጥ ተኝቷል።

ወንድምሽ